«በጀት የለም» ሲሏችሁ፦ የወረዳችሁን በጀት ደረጃ በደረጃ እንዴት መከታተል ይቻላል?

«በጀት የለም።»

በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግቢ የዚህችን ያህል የምትደጋገም ዓረፍተ ነገር አላውቅም። የውሃ ቦኖው ተበላሽቷል፣ በጀት የለም። ጤና ኬላው ጓንት ጨርሷል፣ በጀት የለም። የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል፣ ያው በጀት የለም። እኔም በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀምጬ ስንቴ እንዳልኳት ቤት ይቁጠረው።

አንዳንዴ በእርግጥ አልነበረም። አንዳንዴ በጀቱ በወረቀት ላይ ነበረ፤ ያልመጣው ብሩ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ነበሩ፤ ግን ለሌላ ሥራ ተዛውረዋል። ጠያቂው ሦስቱን መለየት ስለማይችል በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይሸኛል። ይህን የምጽፈው እናንተ እንደዚያ እንዳትሸኙ ነው። አካውንታንት መሆን አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ መደመርና መቀነስ፣ ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

የማወራው ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ የሚለውን አወቃቀር ይዤ ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ከክልል ክልል ይለያያል። አንዱ ጋ ፋይናንስ ቢሮ የሚባለው ሌላው ጋ ገንዘብ ቢሮ ነው። ሥራው ያው ነው።

1. መጀመሪያ ዓመቱን አስተካክሉ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። ስለዚህ «የ2018 በጀት ዓመት» የሚባለው የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነሐሴ 2017 ላይ ሄዶ «የ2017 በጀት ላይ የሚሠራልን ነገር አለ?» የሚል ሰው የጠየቀው ስለተዘጋ ሒሳብ ነው። መልሱ «የለም» ይሆናል፤ የመለሰውም ሰው አልዋሸም።

ሩብ ዓመቶቹን ደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው። ከሐምሌ እስከ መስከረም አንደኛ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሁለተኛ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ሦስተኛ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አራተኛ። ሪፖርት የሚወጣው በእነዚህ ነው።

2. ብሩ ከየት እንደሚመጣ እወቁ

የክልል ገንዘብ ከሁለት ትልልቅ ምንጮች ይመጣል። አንዱ ክልሉ ራሱ የሚሰበስበው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ይዘረዝረዋል፦ የክልሉ ሠራተኞች የሥራ ግብር፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የአርሶ አደር ግብር፣ የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር እና የመሳሰለው። ሌላው ከፌዴራል መንግሥት የሚላከው ድጎማ ነው። ድጎማው በክልሎች መካከል የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጠቅላላ መጠኑን የሚያጸድቀው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ቁጥሩን ለማየት ያህል፣ መጀመሪያ የጸደቀው የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚያ ውስጥ ወደ 222 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጎማ ተመደበ። በ2018 ጠቅላላው 1.93 ትሪሊዮን ደረሰ፣ የክልሎቹም ድጎማ ወደ 315 ቢሊዮን አደገ። «ወይ ጉድ፣ ብር ዘነበ» ከማለታችሁ በፊት ግን በመካከል ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን መደረጉን አስታውሱ። የሲሚንቶና የነዳጅ ዋጋ ባለበት አልቆየም። ብሩ አደገ ማለት መንገዱም በዚያው ልክ ይረዝማል ማለት አይደለም።

ክልሉ ከሁለቱ ምንጮች ያገኘውን ለቢሮዎቹና ለወረዳዎች ያካፍላል። ለወረዳ የሚደርሰው «ጥቅል ድጎማ» ይባላል። ብሎክ ግራንት የሚሉትም አሉ። በኛ አቆጣጠር ከ1994 እና 95 ወዲህ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል የተጀመረ አሠራር ነው። ጥቅል የተባለው ወረዳው ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት የሚለውን ራሱ እንዲወስን ነው። በወረቀት ላይ እንደዚያ ነው። በተግባር የሚወስነው ደመወዝ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው ገቢም በበጀቱ ውስጥ አስቀድሞ ይቆጠራል። ዕቅዱ 10 ሚሊዮን ሆኖ 7 ቢሰበሰብ የ3 ሚሊዮን ቀዳዳ ይፈጠራል። ይህ ቀዳዳ የጸደቀው በጀት ላይ አይታይም። የሚታየው ግንቦት ላይ የመምህራን ደመወዝ ሲዘገይ ነው። ስለዚህ በጀት ስትጠይቁ አብራችሁ «የገቢ አሰባሰቡ ስንት በመቶ ደርሷል?» በሉ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ቀና ብለው ያያሉ።

ሦስተኛ ምንጭም አለ፦ ለተለየ ዓላማ የሚመጣ የፕሮግራም ገንዘብ። ከ1997 ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት፣ ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚሰጠው ድጎማ፣ ሌሎችም ለጋሾች የሚደግፏቸው ሥራዎች እዚህ ይገባሉ። ይህ ገንዘብ ከታለመለት ውጭ አይነካም። የሴፍቲኔት ብር ስላለ ብቻ ጥገና አይሠራበትም። አንድ የቤት ውስጥ ቃል ልንገራችሁ፦ ቻናል። «ቻናል አንድ» ማለት ገንዘቡ በገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚያልፍ ነው። «ቻናል ሁለት» ከጤናም ሆነ ከትምህርት ሚኒስቴር በየሴክተሩ ወደ ታች የሚወርድ ነው። «ቻናል ሦስት» ለጋሹ ራሱ የሚያወጣው ነው። ስለ አንድ ፕሮግራም ስትጠይቁ «በየትኛው ቻናል ነው የሚመጣው?» በሉ። ቻናል ሁለት ከሆነ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ በእርግጥም ላያውቀው ይችላል፤ ወደ ጤና ወይም ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ።

3. ወረቀቱን እጃችሁ አስገቡ

ሦስት ወረቀት ያስፈልጋችኋል። የወረዳው ምክር ቤት ያጸደቀው በጀት፣ የመጨረሻው ሩብ ዓመት የወጪ ሪፖርት እና የካፒታል ፕሮጀክቶች ዝርዝር።

በመጀመሪያ ግቢው ውስጥ ያለውን ማስታወቂያ ሰሌዳ እዩ። የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት በሚባለው ሥራ ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን ለሕዝብ እንዲለጥፉ ሲሠራ ቆይቷል። አንዳንዱ ወረዳ አሁንም ይለጥፋል። አንዳንዱ ጋ ያለፈው ሦስት ዓመት ወረቀት በፀሐይ ነጥቶ ታገኙታላችሁ።

ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የበጀት ክፍል ግቡ። ሪፖርቱ አይቤክስ ወይም ኢፍሚስ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ውስጥ አለ። መብራትና ወረቀት ካለ ማተሙ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ትሑት ሁኑ። ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ጠላታችሁ አይደለም፤ አለቃውን ይፈራል እንጂ። «ለቀበሌያችን ስብሰባ ነው» ማለት «ልመረምራችሁ መጣሁ» ከማለት ይሻላል።

እምቢ ካሏችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለምን እንደፈለጋችሁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። መልስ መሰጠት ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። በልምዴ ግን የአዋጁ ቁጥር ደብዳቤው ላይ መጻፉ ብቻ ብዙ በር ይከፍታል።

4. አነባበቡ

ወረቀቱን ስታገኙ መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ፦ መደበኛና ካፒታል። መደበኛ ማለት ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ አበል፣ የየቀኑ ወጪ ነው። ካፒታል ማለት ግንባታ፣ መንገድ፣ ጉድጓድ፣ ተሽከርካሪ ነው።

ከዚያ በግራ በኩል ባለ አራት አሃዝ ኮዶች ታያላችሁ። አትደንግጡ። ለእናንተ ሦስቱ ይበቃሉ። 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። 6217 ነዳጅና ቅባት ነው። 6231 የውሎ አበል ነው። ይህችን የመጨረሻዋን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል፤ ለምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

አሁን አንድ ሒሳብ ሥሩ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ጠቅላላ መደበኛ በጀት ያዙ። ከዚያ ላይ 6111ን ቀንሱ። ለቋሚ ሠራተኞች መንግሥት የሚያዋጣውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ቀንሱ። የቀረው «ሥራ ማስኬጃ» የሚባለው ነው። በአብዛኛው ወረዳ ይህ ቀሪ ስታዩት ታዝናላችሁ። ለማስረዳት ያህል የማነሣው ቁጥር ነው፦ 40 ሚሊዮን የተመደበለት ጽሕፈት ቤት 37 ሚሊዮኑ ደመወዝና ጡረታ ቢሆን፣ ለጠመኔ፣ ለነዳጅ፣ ለጥገና የቀረው 3 ሚሊዮን ነው። ወረዳው 30 ትምህርት ቤቶች ካሉት፣ ለእያንዳንዱ በአማካይ 100 ሺህ ብር ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ያውም የጽሕፈት ቤቱ የራሱ ነዳጅና አበል ሳይነሣለት። ለዓመት።

ለዚህ ነው «40 ሚሊዮን ይዘው ጣሪያ አይጠግኑም» ብሎ መጮህ የማያስኬደው። ሠላሳ ሰባቱ ጥያቄ የለውም፤ መምህራኑ መከፈል አለባቸው። ጥያቄው ያለው ሦስቱ ላይ ነው። ከሦስቱ ሚሊዮን ውስጥ 6217 እና 6231 ስንት ይበላሉ? ጥገናውስ ስንት ተያዘለት? ዜሮ ከሆነ፣ ክርክራችሁ እዚያች መስመር ላይ ነው። የወረዳ በጀት ጭቅጭቅ ሁሉ የሚካሄደው በዚህች ጠባብ ቀሪ ውስጥ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሰባት መስመር ብቻ አንብቦ ስብሰባ ላይ ሁሉንም ዝም ያሰኛል።

5. ሦስቱን ዓምዶች አነጻጽሩ

የወጪ ሪፖርቱ ላይ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ሦስት ቁጥሮች አሉ። የጸደቀ በጀት፣ የተስተካከለ በጀት፣ ወጪ የሆነ። ሁሉ ነገር ያለው በእነዚህ ሦስት መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው።

የጸደቀውና የተስተካከለው ከተለያዩ ገንዘብ ተዛውሯል ማለት ነው። ማዛወር በራሱ ወንጀል አይደለም። ድንገት ወረርሽኝ ሲመጣ፣ ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ማዛወር ግድ ነው። ግን ከየት ወደ የት? በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ 648/2001 ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወር አይፈቀድም። ክልሎች የየራሳቸው የፋይናንስ አዋጅ ስላላቸው የክልላችሁን ጠይቁ። የጉድጓድ ቁፋሮው አንሶ በዚያው ልክ ነዳጅና አበል ካበጠ፣ የዝውውር ደብዳቤው በማን ፊርማ እንደወጣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በትሕትና «የዝውውሩን ቁጥርና ቀን ይንገሩኝ» በሉ።

የተስተካከለውና ወጪ የሆነው ደግሞ ፍጥነቱን ይነግሯችኋል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ናችሁ እንበል። ከአሥራ ሁለቱ ወር አሥሩ አልፏል፤ 83 በመቶ መሆኑ ነው። ለውሃ ሥራ ከተያዘው 2 ሚሊዮን ወጪ የሆነው 500 ሺህ ብቻ ከሆነ 25 በመቶ ላይ ናችሁ። ይህ ገንዘብ ቁጠባ እንዳይመስላችሁ። ወይ ጨረታው አልወጣም፣ ወይ ብሩ ከክልል አልተለቀቀም፣ ወይ ተቋራጩ ጠፍቷል። ሰኔ 30 ሲደርስ ያልተሠራበት በጀት ይዘጋል።

ከዚያ የሚመጣውን ሁላችን እናውቃለን፤ የሰኔ ግዥ። በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ይባልና አሥር ወር የተኛ ጽሕፈት ቤት በሦስት ሳምንት ወንበር፣ ፕሪንተር፣ ቶነር ይገዛል። ሥልጠናም በሥልጠና ላይ ይደራረባል። እኔ የነበርኩበት ቢሮ አንድ ሰኔ የገዛው ቶነር ካሉን ማሽኖች በአንዱም ላይ የማይገጥም ነበር። ቦኖው ግን ሐምሌንም እንደተሰበረ ገባ። ስለዚህ ትልቁን ጥያቄ የምትጠይቁት በጥር በሚወጣው የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ነው። ያን ጊዜ ገና ስድስት ወር አለ፤ ጨረታ ለማውጣትም ይበቃል።

6. ወረቀቱን ይዛችሁ መሬቱን እዩ

ሪፖርቱ «ለትምህርት ቤቱ 60 ዴስክ ተገዝቷል» ካለ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ንብረት ክፍል ሁለት ወረቀት ጠይቁ። ሞዴል 19 ዕቃው ግምጃ ቤት ሲገባ የሚቆረጥ ነው። ሞዴል 22 ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚቆረጥ ነው። 19 ላይ 60፣ 22 ላይ 40 ካለ ሃያው ግምጃ ቤት ተኝቷል። ሁለቱም ላይ 60 ሆኖ ክፍሉ ውስጥ 40 ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ አቅርቡ። ካልሆነም ለወረዳው ምክር ቤት። የክልሉ ዋና ኦዲተር የሚቀርብለትን ጥቆማ ሲመረምር መጀመሪያ የሚያየው እነዚህኑ ሞዴሎች ነው፤ ቅጂ ካላችሁ ሥራውን አቀለላችሁለት።

ግንባታ ከሆነ መቶኛውን አትመኑ። «90 በመቶ ደርሷል» የሚባል ሕንፃ በርና መስኮት የሌለው ሊሆን ይችላል። የተከፈለውንና የተሠራውን ለየብቻ ጠይቁ።

እዚህ ላይ በዲሲ፣ በቴል አቪቭም ሆነ በዱባይ ያላችሁ የአገር ልጆች ማኅበር መሥርታችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ጤና ኬላ ወይም ትምህርት ቤት ለምታሠሩ አንድ ነገር አለኝ። ሕንፃው ካፒታል ነው፤ የናንተ ብር ይጨርሰዋል። ውስጡ የሚገባው ነርስ፣ ጥበቃ፣ መድኃኒት ግን መደበኛ ወጪ ነው። ያንን በየዓመቱ የሚሸከመው ወረዳው ነው። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሁለት ዓመት የተቆለፈ ጤና ኬላ አይቻለሁ። ማንም ለነርሷ የሥራ መደብ አልያዘም ነበር። መሠረት ከመጣሉ በፊት ወረዳው «ከዚህ በጀት ዓመት ጀምሮ ይህን ያህል ሠራተኛ እመድባለሁ» የሚል ደብዳቤ ይስጣችሁ። ደብዳቤው ሳይመጣ ሲሚንቶ አትግዙ።

7. ለሚቀጥለው ዓመት በጊዜ ድረሱ

እስካሁን ያልኩት ያለቀውን ለማየት ነው። ለመለወጥ ከፈለጋችሁ ግን ከመጽደቁ በፊት ነው መገኘት ያለባችሁ።

ሐምሌ ገብቶ በጀት የሚጸድቅበት የወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ለዚህ ዘግይቷል። እዚያ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ያልቃል። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ለየጽሕፈት ቤቱ የበጀት ጥሪ፣ ማለትም «የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅዳችሁን አቅርቡ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳል፤ የበጀት ጣሪያም፣ ማለትም ሊያልፈው የማይችለው መጠን ይነገረዋል። ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ጣሪያ ሥር ምን ማስገባት እንዳለበት ይመርጣል። ውሳኔው የሚደረገው እዚህ ነው፤ በአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ጩኸት። የእናንተ ቀበሌ ቦኖ ያን ዕለት በወረቀት ላይ ከሌለ እስከ ቀጣዩ ዓመት የለም። የበጋው አጋማሽ ላይ «የበጀት ጥሪው መጥቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስትሄዱ ልመና ይዛችሁ አትሂዱ፤ ዋጋ ይዛችሁ ሂዱ። «ውሃ አጥተናል» የሚል ማመልከቻ መቶ አለ። «የቦኖው ፓምፕ ተቃጥሏል፤ ከሁለት አቅራቢ የወሰድነው ፕሮፎርማ ይኸውና፤ ጉልበትና አሸዋ ከኛ ነው፤ ይህን ያህል አባወራ ይጠቀምበታል» የሚል ግን ጥቂት ነው። ባለሙያው ዕቅዱን ለመሙላት ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩን እናንተ ከሰጣችሁት ያስገባዋል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ በጎነት ሆኖ ሳይሆን ሥራዬን ስላቀለሉልኝ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። በቃል ተነጋግራችሁ ከባለሙያው ጋር ብትግባቡም እንኳ በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ። የገቢ ቁጥርና ቀን በእናንተ ቅጂ ላይ ይጻፍ፣ ማኅተም ይመታበት። ባለሙያው በመስከረም ሊዛወር ይችላል። መዝገብ ቤቱ ያው እዚያው ነው።